ድጎማ የሚቈጠረው የት ላይ ነው?

ሰኔ ሲገባ በጎንደር ሰማይ ላይ ደመናው ይከብዳል። ከደምቢያ ሜዳ እስከ ስሜን ተራራ ግርጌ ያለው ገበሬ ማረሻውን አስቀጥቅጦ፣ ዘሩን አበጥሮ፣ በሬዎቹን አጠንክሮ ዝናቡን ይጠብቃል። በዚህ ወራት በየቀበሌው የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማዳበሪያው መጣ ወይ?» የሚል ነው። «ዋጋውስ ስንት ሆነ?» የሚለው ሁለተኛ ሆኖ ይከተላል። ከእነዚህ በስተጀርባ ግን ገበሬው እምብዛም የማይጠይቀው፣ የመንግሥት ሠራተኛውም እምብዛም የማያስረዳው ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ይኸውም መንግሥት በማዳበሪያው ዋጋ ላይ ከካዝናው አውጥቶ የሚጨምረው ገንዘብ በእርግጥ ለማን ይደርሳል? የሚለው ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

መደጎም ማለት የጎደለውን መሙላት፣ የደከመውን መደገፍ ነው። አንድ ዕቃ 10 ብር የሚያወጣ ሲሆን ገዢው 7 ብር ብቻ ከፍሎ ቀሪውን 3 ብር መንግሥት ቢከፍልለት፣ ያ 3 ብር ድጎማ ይባላል። መንግሥታት ገበሬን የሚደጉሙበት መንገድ በጠቅላላው በሁለት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ገንዘቡን በቀጥታ በገበሬው እጅ ማስቀመጥ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው የእርሻ ሕግ መሠረት፣ የሚዘሩትን መሬት ለቀነሱ ገበሬዎች ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ የአውሮፓ ማኅበርም ለብዙ ዓመታት የሰብልን ዋጋ ሲደግፍ ከቈየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ድጋፉን እያዞረ ለገበሬው በቀጥታ ወደ መክፈል አዘንብሏል። ሁለተኛው መንገድ ገበሬው የሚገዛውን ዕቃ ዋጋ ማርከስ ነው። የእኛ አገር የማዳበሪያ ድጎማ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። የወገራ ወይም የዳባት ገበሬ «ይህ የድጎማ ገንዘብህ ነው» ተብሎ በእጁ የሚቈጠርለት ብር የለም። ድጎማው በከረጢቱ ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይመጣል። ከረጢቱ የደረሰው ድጎማውን አገኘ፤ ከረጢቱ ያልደረሰው ድጎማውንም አጣ።

ይህ አሠራር እንዴት እንደ መጣ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ ማየት ያስፈልጋል። የዘመናዊ ማዳበሪያ ታሪክ በአገራችን ረዥም አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ የተባለው፣ ተቋቋመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ወደ ልዩ ልዩ አውራጃዎች የሚያዳርስ አነስተኛ ጥቅል ፕሮግራም የተባለ ዕቅድ ወጣ። ያን ጊዜ መንግሥትና የደጋ ገበሬ ይበልጡን የሚገናኙት በመስጠት ሳይሆን በመቀበል ነበር። በዚያው በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት መነሣቱ የሚዘነጋ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ታውጆ ገበሬው ከጭሰኝነት ቢወጣም፣ በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እየመደበ፣ ከገበያው ባነሰ ቍርጥ ዋጋ እህሉን ይወስድበት ነበር። ይህ የኮታ ሥርዓት የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ «መንግሥት ገበሬውን ለምን ይደጉማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ገበሬው ለብዙ ዘመን ከተማውንና መንግሥቱን ሲደጉም የኖረ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

ግልጽ የሆነው የማዳበሪያ ድጎማ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር ዋጋ ዝቅ ተደርጎ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። ማዳበሪያ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ፣ የዋጋው ንረት በአንድ ጊዜ በገበሬው ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ መንግሥት ከፊሉን ይከፍል ጀመር። ይህ ድጎማ በ1989 ዓ.ም. ተነሣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የክልል መንግሥታት ለማዳበሪያ ብድር ዋስ እየሆኑ ሥራው ቀጠለ። በ2014 ዓ.ም. ግን የዩክሬን ጦርነት በዓለም ገበያ ላይ የማዳበሪያን ዋጋ ሰማይ አደረሰው፤ መንግሥትም በዚያ ዓመት 15 ቢሊዮን ብር መደጎሙን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ መንግሥትም ከነዳጅና ከመድኃኒት ጋር ማዳበሪያንም እንደሚደጉም ገለጸ።

ሦስቱን ጊዜያት ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ድጎማው በሦስቱም ጊዜ የመጣው በውጭ ንግድና በምንዛሪ መናወጥ ምክንያት ነው። «ከገበሬዎቻችን መካከል ይበልጥ የተቸገረው የትኛው ነው?» ከሚል ጥናት የተወለደ አይደለም። የታሰበውም ዋጋን ለመያዝ ነው። ዋጋን በመያዝ ረገድ ሥራውን ሠርቷል፤ በ2014 ዓ.ም. ያ ገንዘብ ባይወጣ ኖሮ ብዙ ማሳ ያለ ማዳበሪያ ይዘራ እንደ ነበር አያጠራጥርም። ዋጋን ለመያዝ የተሠራ መሣሪያ ግን ሰውን ለመለየት አይችልም። በደልዳላው ሜዳና በገደሉ አፋፍ፣ ብዙ መሬት ባለውና ጥቂት መሬት ባለው መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም።

ይህንን በቍጥር እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል መንግሥት በአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ላይ 1,000 ብር ይደጉማል እንበል። ለብዙ ዓመታት ሲመከር የኖረው መጠን በአንድ ሄክታር ሁለት ኩንታል፣ ይኸውም አንዱ በዘር ጊዜ የሚገባ፣ ሁለተኛው ዩሪያ ነው። በደምቢያ፣ በቆላ ድባ ዙሪያ፣ ሁለት ሄክታር የጤፍ መሬት ያለው ገበሬ አራት ኩንታል ይገዛል፤ 4,000 ብር ተደጎመ ማለት ነው። በጃናሞራ ዳገት ላይ ግማሽ ሄክታር የገብስ መሬት ያለው ገበሬ አንድ ኩንታል ይገዛል፤ 1,000 ብር ተደጎመ። በዚያው ጃናሞራ ግማሽ ሄክታር እያላት፣ በሬ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል የሰጠች፣ ለማዳበሪያውም ቅድሚያ የሚከፈል ገንዘብ ያጣች ባል የሞተባት ሴት ብትኖርስ? የእርሷ ድጎማ ባዶ ነው። በመዝገብ ላይ ሦስቱም የአንድ አገር ገበሬዎች ናቸው። ዋጋውም ለሦስቱም እኩል ረክሷል። የደረሳቸው ግን አራት፣ አንድና ዜሮ ነው። ይህን የምንለው የደምቢያው ገበሬ ያላግባብ አገኘ ለማለት አይደለም፤ እርሱም ቢሆን ከብዙ አገር ገበሬ ጋር ሲተያይ ድኻ ነው፤ የእርሱ ጤፍና ሽምብራ ጎንደርን ይቀልባል። የምንለው፣ በካዝናው በኩል አንድ ሆኖ የሚታየው ገንዘብ በማሳው በኩል ሦስት ዓይነት መሆኑን ነው።

ርቀትም ሌላ ነገር አለው። ማዳበሪያውን የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ከውጭ ገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ያስገባል። ከዚያ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጋዘን ይደርሳል፤ በጎንደር አካባቢ ይህንን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ፀሐይ ዩኒየን ነው። ከዩኒየኑ ወደ መሠረታዊ ማኅበራት፣ ከመሠረታዊ ማኅበራት ወደ ገበሬው ይሄዳል። ከጎንደር ከተማ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ በዋና ጎዳና ላይ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ የሚወስደው መንገድ ግን በስሜን ተራሮች መካከል የሚያልፍ ሲሆን፣ መኪናው ከሚቆምበት እስከ ገበሬው ጎጆ ድረስ ያለው በአህያ ጀርባና በሰው ትከሻ የሚሄድ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝነው ከረጢት ከማኅበሩ ጎተራ ሲወጣ ዋጋው የታወቀ ነው። በገበሬው ደጅ ሲራገፍ ግን የአህያው ኪራይና ከሥራ የዋለው ቀን ይጨመርበታል። ይህንን ተጨማሪ ወጪ ማንም መዝገብ አይመዘግበውም፤ ድጎማውንም በጸጥታ ይበላዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጊዜ ነው። ማዳበሪያ እንደ ጨው በፈለጉት ወር ገዝተው የሚያስቀምጡት፣ በፈለጉትም ጊዜ የሚበትኑት ነገር አይደለም። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ በአፈር ውስጥ ከወደቀበት ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ከዘሩ ጋር አብሮ፣ ከሥሩ አጠገብ መግባት አለበት። ዩሪያው ደግሞ ከፊሉ ቡቃያው በሚቈነድልበት ጊዜ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ መጨመር ይኖርበታል። ገብስ ተዘርቶ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የመጣ የዘር ማዳበሪያ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። መንግሥት ዶላሩን አውጥቶበታል፣ ድጎማውንም ከፍሎበታል፣ ገበሬውም ገዝቶታል፤ ሰብሉ ግን አልተጠቀመበትም። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው እርሻቸውን ትተው እስከ ባሕር ዳር ድረስ ለአቤቱታ መምጣታቸው የዚህን ነገር ክብደት ያሳያል። ገበሬ በዘር ወራት ከእርፉ ተለይቶ ወደ ከተማ የሚመጣው ሌላ መንገድ ሲያጣ ብቻ ነው።

የሰሜን ጎንደር ደጋ በዚህ ላይ የጦርነት ጠባሳ አለበት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ውጊያው እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ፣ ሰላማዊ ሰው አልቆ፣ ቡቃያው ያለ ተንከባካቢ ቀርቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዶችን እየዘጋ፣ የመኪናውን ጉዞና የግብርና ባለሙያውን እንቅስቃሴ እያሰናከለ ብዙ ጉዳት አድርሷል። መንገድ በተዘጋበት ወር፣ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ድጎማ ከከረጢቱ ጋር በመንገድ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ለደጋው ገበሬ ድጎማው «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል።

እጥረት በኖረበትና ዋጋው ከእውነተኛው በታች በሆነበት ቦታ ደግሞ ሌላ ሰው በመካከል መግባቱ የማይቀር ነው። በማኅበሩ ጎተራ በርካሽ የሚሸጠው ዕቃ ከጎተራው ውጭ በውድ የሚሸጥ ከሆነ፣ የሁለቱን ዋጋ ልዩነት የሚፈልግ ነጋዴ፣ የሚተባበረውም ጸሐፊ ይገኛል። ያ ልዩነት ድጎማው ነው። ለገበሬው የወጣው ገንዘብ በዚህ መንገድ የአትራፊው ትርፍ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? የሌሎች አገሮችን ልምድ ማየቱ አይከፋም። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ2005 መኸሯ ከተበላሸ በኋላ፣ ለተመረጡ ድኾች ገበሬዎች ማዳበሪያና ዘር በቅናሽ የሚገዙበት ወረቀት አደለች። በተከታዮቹ ዓመታት የበቆሎ ምርቷ በብዙ ጨምሯል። ነገር ግን ወረቀቱን ማን ያግኝ የሚለው ምርጫ የክርክር ምንጭ ሆነ፤ ወጪውም የግብርና በጀቷን ከፍተኛ ድርሻ እየወሰደ ለመንገድና ለምርምር የሚሆነውን አሳነሰው። ሕንድ ደግሞ ዩሪያን ከሌላው ማዳበሪያ ይልቅ እጅግ አርክሳ በመሸጧ፣ ገበሬዎቿ ዩሪያውን ከሚገባው በላይ እየበተኑ የአፈራቸው ሚዛን ተዛብቷል። ይህ ለእኛም ትምህርት ነው። በደጋው አገራችን ብዙ መሬት በአሲድ የተጠቃ ነው፤ እንዲህ ያለው አፈር የጨመሩበትን ፎስፈረስ አስሮ ስለሚይዝ፣ ኖራ ሳይሰጠው ማዳበሪያ ብቻ ቢያፈሱበት ውጤቱ ትንሽ ነው። የተደጎመው ዕቃ ለዚያ መሬት የሚስማማው ዕቃ መሆኑን ሳያረጋግጡ መደጎም፣ ለበሽተኛው ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደ መግዛት ነው።

ከራሳችን ቤትም ልንማር የምንችለው አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ እንደ በለሳና እንደ ጃናሞራ ባሉ የምግብ እጥረት ባጠቃቸው ወረዳዎች፣ እርከን የሚሠራውንና ችግኝ የሚተክለውን ችግረኛ በገንዘብ ወይም በእህል ይከፍለዋል፤ ለመሥራት የማይችለውን አረጋዊ ደግሞ ያለ ሥራ ይረዳዋል። ይህም ፕሮግራም ክፍያው በሚዘገይበት ጊዜ የሚወቀስበት ነገር አለው። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አስተምሮናል። ይኸውም የቀበሌ ሸንጎ ተሰብስቦ፣ ስም ተጠርቶ፣ ሕዝቡ እየሰማ «እገሌ ይገባዋል፣ እገሊት ይገባታል» ተብሎ ሊወሰን የሚቻል መሆኑን ነው። ችግረኛውን በስም ለይቶ በእጁ መስጠት ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም።

በዚህ ምክንያት የዋጋው ድጎማ ፈጽሞ ይቅር የምንል አይደለንም። ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ በሚሆንበት ዘመን፣ ስም ዝርዝር እስኪዘጋጅ መጠበቅ የዘር ወራትን ማሳለፍ ይሆናል። ለሁሉም የሚደርስ የዋጋ ድጎማ ፈጣን ነው፤ ሥራውም ቀላል ነው። የምንለው ከድጎማው ጥቂቱ ተቀንሶ ለሁለት ነገር ይዋል ነው። አንደኛው ከዋና ጎዳና ርቀው ላሉት የደጋ ቀበሌዎች ማጓጓዣ ነው፤ የበየዳው ገበሬ በደጁ የሚከፍለው ዋጋ ከጎንደር ዙሪያው ገበሬ ጋር እንዲቀራረብ። ሁለተኛው አንድ ኩንታል ለመግዛት አቅም ለሌላቸው፣ በስም ለተለዩት፣ ግማሽ ጥማድ እንኳ ቢሆን የሚያለብስ ትንሽ ከረጢት በነጻ ወይም በረዥም ብድር መስጠት ነው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ዛሬውኑ፣ ያለ አዲስ ሕግና ያለ አዲስ በጀት፣ ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። ሥራውም በእናንተ በወጣቶቹ እጅ ነው፤ ከጎንደር ዩኒቨርስቲም ሆነ ከሌላ ትምህርት ቤት ወጥታችሁ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር የተመደባችሁ ወይም ነገ የምትመደቡ። አንደኛ፣ ለገበሬው በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ ሁለት ቍጥር ይጻፍለት፤ ማዳበሪያው በእርግጥ ያስወጣው ዋጋና እርሱ የከፈለው ዋጋ። ያን ጊዜ የተደረገለትን ያውቃል፤ በጎተራው ደጅ ከደረሰኙ በላይ ክፈል የሚለውንም ሰው ይጠይቀዋል። ሁለተኛ፣ በየማኅበሩ ደጅ ስንት ከረጢት መጣ፣ በየትኛው ቀን ደረሰ፣ ለነማን ተሸጠ የሚለው በትልቅ ጽሑፍ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ ወደ በላይ አካል የሚላከው ሪፖርት «ይህን ያህል ኩንታል ቀረበ» ብሎ አይብቃ፤ «ከዘር ቀን በፊት ለስንት ቤተ ሰብ ደረሰ፣ ስንቱስ ሳይገዛ ቀረ» የሚለውን ይጨምር።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ሪፖርት የሚጽፍ ወጣት ሹም የሚመሰገነው በትልቁ ቍጥር ስለሆነ፣ ያልደረሰውን ለመቍጠር ድፍረት ይጠይቃል። ነገር ግን የጎንደር የመኪና ነጂ፣ የቅዳሜ ገበያ ነጋዴና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከገቢያቸው የከፈሉት ግብር ነው ዞሮ ድጎማ የሚሆነው። ገንዘባቸው የት እንደ ገባ ሊነገራቸው ይገባል። ገበሬውም ቢሆን በስሙ የወጣውን ማወቅ መብቱ ነው።

ጥያቄያችን ድጎማ የሚቈጠረው የት ላይ ነው? የሚል ነበር። በካዝናው ላይ ብንቈጥረው ቢሊዮን ነው፤ በወደቡ ላይ ብንቈጥረው የመርከብ ጭነት ነው፤ በመጋዘኑ ላይ ብንቈጥረው ኩንታል ነው። የጃናሞራዋ ሴት ግን ከእነዚህ አንዱንም አታየውም። እርሷ የምታየው የሰኔን ደመናና ባዶውን ማሳዋን ነው። እንግዲህ ቍጥሩ ከእርሷ ማሳ ይጀምር እንላለን፤ ከዚያ የጀመረ ቍጥር ወደ ላይ ሲወጣ አነስ ቢልም እንኳ እውነተኛ ይሆናል።